ጀጎልን ከቤት ጀምሮ ማየት፦ የሐረር ባህላዊ ቤቶችና የእጅ ሥራዎች ጉብኝት ደረጃ በደረጃ

ሐረር ደርሶ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ጀጎልን፣ ሳያይ የሚመለስ የለም፤ ቤቱን ሳያይ የሚመለስ ግን ብዙ ነው። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ ይነሣል፣ መሐል አደባባዩ ፈረስ መጋላ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ አይቶ በማግሥቱ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ግንቡም ጎዳናውም ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። የሐረሪ እጅ ሥራ ተሰብስቦ የሚገኘው ግን ከግቢው በር ወዲያ፣ ጌይ ጋር በሚባለው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከቤት ይጀምሩና ወደ ገበያ ይውጡ። ከገበያ የጀመረ ሰው ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ ይገዛል።

ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ብቻ ሲሆን 82 መስጊዶችና 102 የዝያራ (የሃይማኖት አባቶች መታሰቢያ) ሥፍራዎች አሉበት። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ነው። ስፋቱን ሰምተው «ግማሽ ቀን ይበቃኛል» እንዳይሉ። ሰው የሚኖርበት ሙዚየም ነው፤ የቤት እመቤት እስክትመጣ፣ ሶላት እስኪያልቅ፣ ቡና እስኪፈላ ይጠበቃል። አንድ ሙሉ ቀንና የማግሥቱን ጠዋት ይያዙለት።

ቀንና ሰዓት መምረጥ

ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ነው። ሙዚየሞቹ ክፍት ናቸው፣ ሴቶቹ ቤት አሉ፣ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። ከምሳ በኋላ የበርጫ (ጫት የመቃሚያ) ሰዓት ስለሆነ ከተማው ቀዝቀዝ ይላል፤ በር ቢያንኳኩም ደስ ብሎት የሚነሣ የለም። እንደገና ነፍስ የሚዘራው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ዓርብ ከ5:30 በኋላ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ምንም ቀጠሮ አይያዙ፤ የጁምዓ ሶላት ነው።

በረመዳን ቀን ቀን የሚበላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ ጾመኛን ቤት አስጎብኝ ማለትም ደግ አይደለም። ሐረርን በድግሷ ማየት የሚፈልግ ሹዋሊድን ይምረጥ። በዓሉ ከዒድ አል ፈጥር በኋላ፣ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ የሚከበር ሲሆን በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ያኔ ግን ማደሪያ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ቤቶቹም በዘመድ አዝማድ ስለሚሞሉ የቤት ውስጥ ጉብኝቱን ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ በድንጋይ የተነጠፈው ቁልቁለት ያንሸራትታል።

የሚያዝ ነገር

- ዝርዝር ብር። በየቤቱ መግቢያ ይከፈላል፤ የቤት እመቤቷ መልስ ፍለጋ ጎረቤት ስትሮጥ ማየት ያሳፍራል።
- ማሰሪያ የሌለው ጫማና ንጹሕ ካልሲ። በአንድ ጠዋት ብዙ ጊዜ ጫማ ይወልቃል።
- ለሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ፤ ለሁሉም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ።
- የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ነጭ ጨርቅ። ሁለቱም ስፌት (ከሣር የሚሰፋውን ዕቃ) ሲገዙ ያገለግላሉ።
- የእጅ ባትሪ፤ ወደ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ጨለማ ናቸው።

1. መድረስ፣ መግባት፣ አስጎብኚ መያዝ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ መድረስ ይቻላል። ከዚያ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በአወዳይ በኩል ያልፋል። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ሲደራ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ለጠዋት ቀጠሮ ዋዜማውን ሐረር ማደር ነው።

ጀጎል ጥንታዊ አምስት በሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በሐረሪም በአማርኛም ይጠራሉ፦ አስማዲን በሪ (ሸዋ በር)፣ በድሮ በሪ (ቡዳ በር)፣ ሱቁጣጥ በሪ (ሰንጋ በር)፣ አርጎብ በሪ (ኤረር በር) እና አሱም በሪ (ፈላና በር)። ስድስተኛው ሐረር በር ኋላ የተከፈተ ሲሆን መኪና የሚገባበት እሱ ነው። ከዚያ ቀጥ ያለው መንገድ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። አቅጣጫ ሲጠይቁ ሁለቱንም ስም ይወቁ፤ ባጃጅ ነጂው በአንዱ፣ የሰፈሩ አዛውንት በሌላው ይጠሩታል።

ጎዳናዎቹ ከ300 በላይ ናቸው ይባላል፤ ብዙዎቹም በግቢ አጥር መሐል ተጠማዘው የሚያልቁ ናቸው። ቢጠፉ ቁልቁል ይሂዱ፣ ግንቡ ጋ ይደርሳሉ፤ ግንቡን ይዞ የሄደ ከበሮቹ በአንዱ ይወጣል። ለቤት ጉብኝት ግን ያለ አስጎብኚ መሞከር ትርፉ በተዘጋ በር ፊት መቆም ነው። ባጅ ያለው አስጎብኚ ይያዙና ሳይነሡ አራት ነገር ይጨርሱ፦ ስንት ቤት እንደሚያስገባ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት እንዳለበት፣ የየቤቱ መግቢያ በሒሳቡ ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ እና ሱቅ የሚወስዳችሁ በመጨረሻ ብቻ መሆኑን። አራተኛው ካልተባለ የመጀመሪያው ማረፊያ ሱቅ ሆኖ ያገኙታል።

2. መጀመሪያ ሰው የማይኖርበት ቤት

በኤረር በር በኩል ያለው የሐረሪ የባህል ማዕከል እንደ ባህላዊ ቤት የተደራጀ ነው። ከዚያ ይጀምሩ። እዚያ እንደ ልብ ይጠየቃል፣ ማንም ሳይሰለች ጥግ ጥጉ ይታያል፣ የዕቃው ስም ይያዛል። በሰው ቤት ግን «ይሄ ምንድነው?» እያሉ በእያንዳንዱ ሰሐን ላይ መጠቆም ያስተዛዝባል።

3. ቤቱ ውስጥ ምን፣ በምን ቅደም ተከተል

ከግቢው ይጀምሩ። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ በኖራ የተለሰነ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ወፍራም አግዳሚ እንጨት፣ በላዩ ቀጫጭን እንጨት፣ በላዩ የተደለደለ አፈር። ይህ ጣሪያ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ካልታደሰ ያፈሳል። ብዙ ቤት ላይ ቆርቆሮ የሚያዩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ይመልከቱ፤ ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው የግድግዳ ክፍል። በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ፣ ከኋላው ጭቃው እርጥብ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ድንጋይና ጭቃ ከመሬት የሳበውን ርጥበት በኖራ በኩል ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ ርጥበቱም ጭቃውን ከውስጥ ይበላዋል። ኖራው በየጊዜው መቀባቱ ለውበት ብቻ አይደለም። የትኛው ቤት በወጉ እንደተያዘ በዚህ ይለያል።

አሁን ይግቡ። ዋናው ክፍል ግድር ጋር ይባላል። ፊት ለፊት ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉ ቀይ መደቦች ይታያሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል፣ አምስት ናቸው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የክቡር እንግዳ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚገባውን ሁሉ ያያል። ግድር ነደባ ትልቁ ሲሆን የተለመደ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ከዕይታ ገባ ያለ፣ ገብቲ ኤሔር ነደባ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለ ነው። ቆመው አይቁጠሯቸው፤ ተቀምጠው ይዩአቸው። መደቡ የተሠራው ለተቀመጠ ሰው ዐይን ነው፤ ቁጭ ሲሉ የግድግዳው ስፌትና የመስኮቶቹ ሰሐን ልክ ፊትዎ ላይ ይመጣሉ።

ቀይነቱን በተመለከተ አስጎብኚው በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1887) በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው ይልዎታል። በከተማው የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ግን ቀይ አፈር ነው።

በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል መደርደሪያዎች በወጉ 11 ናቸው። ሰሐን፣ ጣሳ፣ ማሰሮና መጽሐፍ ይቀመጥባቸዋል። ከበላያቸውና ከጎናቸው ስፌት ይሰቀላል፤ ቢቀያየር ያልሰቀለው ያስታውቃል፣ ምክንያቱም በመጠንና በዓይነት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚደረደረው። ከመግቢያው አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ በእንጨት የተከፈለች ትንሽ ክፍል አለች፤ ኪርታት። ሙሽሮች አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያ ይከርማሉ፤ ምግብና ውሃ በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። በሩ ላይ ከፍ ብሎ በእንጨት የተጠቀለለ ስጋጃ ካዩ ደግሞ ቤቱ ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችው ማለት ነው ይባላል። ስለ ስጋጃው መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ልጅቷ መጠየቅ አይቻልም።

ፎቶ ለሚያነሣ፦ ብርሃኑ በዋናነት የሚገባው ከበሩ ስለሆነ በሩን ከኋላዎ አድርገው፣ ነገር ግን ሳይዘጉት፣ በአንድ ጎን ቁጭ ብለው ያንሡ። ፍላሽ ሲተኮስ ኖራው ያንጸባርቅና ስፌቱ ቀለሙን ያጣል።

4. ሰው የሚኖርበት ቤት

ከግቢው በር ላይ ሆነው ድምፅ ያሰሙ፣ «ግቡ» ሳይባሉ አይግቡ። ጫማ የሚወልቀው ከቀዩ ወለል በፊት ነው። ግድር ነደባ ላይ ይቀመጡ፤ አሚር ነደባ ላይ የሚወጣው «እዚህ ይምጡ» የተባለ ብቻ ነው፣ የቱንም ያህል ባዶ ቢሆን። ቡና ወይም ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥ ከቀረበ አንድ ስኒ ይጠጡ። የግድግዳ ስፌት በራስዎ እጅ አያውርዱ፤ ሰንበት ያለ ስፌት ጠርዙ ይደርቅና በጣት ጫፍ ይሰበራል። የቤቱን እመቤት ወይም የምትሰፋ ሴት ፎቶ ለማንሣት በአስጎብኚው በኩል ሳይሆን ራስዎ «እማማ፣ ላንሣዎት?» ብለው ይጠይቁ። ለልጆች ሳንቲም አይበትኑ።

መስጊድና የዝያራ ሥፍራ ሌላ ሥርዓት አለው፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ካልተፈቀደለት በስተቀር በደጅ ያያል፣ ይበቃል።

5. ሌሎቹ ቤቶች፣ ባጭሩ

ጀጎል ውስጥ ሁሉም አሮጌ ቤት የሐረሪ ቤት አይደለም። የእንጨት ሰገነት፣ የተቀረጸ መወጣጫና ብዙ መስኮት ካለው ሕንዳውያን ነጋዴዎች ያመጡት አሠራር ነው። ራምቦ ቤት የሚባለው እንዲህ ነው፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የኖረ ቢሆንም ይህ ቤት እሱ የኖረበት እንዳልሆነ ይታወቃል። ለጣሪያው ሥዕልና ከላይ ለሚታየው የከተማው ገጽታ ሲባል ይገባል። አጠገቡ ባለው የራስ ተፈሪ ቤት የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ይገኛል፤ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት ያሰባሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የብር ጌጥና አልባሳት ነው። እዚያ የመጽሐፍ ጥራዙን አተኩረው ይዩ፦ ቆዳው ላይ በብረት ማኅተም የታተመው ሐረግና ጫፉን የሚሸፍነው ምላስ መሰል ክዳን በሐረር ጥራዝ ላይ የሚታዩ ናቸው። ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ በዚሁ ሙዚየም ጥረት ተመልሷል።

6. ወደ ገበያ

ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ቁልቁል ወደ ግድር መጋላ (ትልቁ ገበያ) ይውረዱ። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና ቀኝ ናቸው። ጨርቅ ገዝቶ ለሚያሰፋ ጠዋት ሰጥቶ ወደ ማታ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ቀላል ቀሚስ ወይም የትራስ ልብስ ይደርሳል፣ ጥልፍ ያለው አይደርስም። ልክዎን በሜትር ለክተው በወረቀት ይስጡ። ግድር መጋላ ሥጋ ተራ አጠገብ ያለ ሰው ላዩን ይጠብቅ፤ ጭልፊቶቹ ከእጅ ይነጥቃሉ። ቅመም የሚፈልግ ሸዋ በር ይሂድ። ብረት ቀጥቃጮቹ ያሉት በበድሮ በሪ በኩል ነው።

7. ስፌት መግዛት

አሁን ዐይንዎ ቤት ውስጥ በተሰቀለው ሠልጥኗል። የሐረር ስፌት የሚሠራው የሣር እምብርት ተይዞ ዙሪያውን በቀጭን አክርማ እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋ ነው። ትልቅ ክዳን ያለው ስፌት ሳምንታትና ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም ይህንን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ግማሽ ዋጋ አይጥሩ። ስፌቱን እንዲህ ይፈትሹ፦

መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው እምብርቱን ይዩ። ሲጀመር ያልጠበቀ ስፌት መሐሉ ላይ ቀዳዳ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይላላል። ቀጥሎ ሜዳ ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በጣት ይጫኑ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እምብርቱ ሳይደርቅ ተሰፍቶ የተጣመመ ነው፣ አይስተካከልም። የጥቅሉን ውፍረት በጥፍርዎ እየቆጠሩ ከመሐል ወደ ዳር ይሂዱ፤ ዳር ላይ የሚወፍር ከሆነ ለመጨረስ ተቻኩሎ ነው። ክዳን ካለው እያዞሩ ይግጠሙት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገጥም ክብነቱ ጎድሏል።

ነጩን ጨርቅ በትንሹ አርጥበው ቀዩና ወይን ጠጁ ላይ ያሹ። ብዙ ቀለም ከወጣ ሳይፈላ የተነከረ ነው፤ እንጀራ ሊቀርብበት አይገባም፣ ለግድግዳ ግን ይሆናል። በመጨረሻ ውስጡን ያሽትቱ። የጭስና የሣር ሽታ ደህና ነው፤ የአፈር ሽታ ካለው ሻጋታ ጀምሮታል። በክር ወይም በፕላስቲክ የተሠራም አለ። ቀለሙ አይለቅም፣ ለዕለት ተዕለት ይጠቅማል፤ በሣር ዋጋ ሲጠሩልዎት ብቻ እምቢ ይበሉ።

ከሱቅ ይልቅ ከሰፊዋ ሴት ቤት መግዛት የሚሻለው ለዋጋው ሳይሆን ስህተቱን ራሷ ስለምታሳይ ነው። በመጠን ማዘዝም ይቻላል፤ የግድግዳዎን ቦታ በሜትር ለክተው ይሂዱ፣ ቀብድ ይክፈሉ፣ የሚደርስበትን ቀን ይነጋገሩ።

8. አሮጌ ዕቃ

አሮጌ ቁርአን፣ ጥንታዊ የብር ጌጥ ወይም ሳንቲም ይዞ ጥግ ላይ የሚጠራዎት ሰው ካለ ይለፉት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ውጭ አገር የምትኖሩ በተለይ ልብ በሉ፤ አዲስ የተሠራ ነገር እንኳ አሮጌ ከመሰለ አየር ማረፊያ ላይ ሊያዝ ይችላል። ደረሰኝ ይያዙ፣ ጥርጣሬ ያለበትን ዕቃ ከመብረርዎ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን አስመርምረው ማረጋገጫ ይቀበሉ። ይህ ለመጨረሻው ቀን የሚተው ሥራ አይደለም።

9. ማደር

በእንግዳ ማረፊያነት የሚያገለግሉ ባህላዊ ቤቶች አሉ፤ ክፍላቸው ጥቂት፣ መታጠቢያው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ሲደውሉ ስለ ውሃ ይጠይቁ፤ በሐረር ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ። ቃላ ላይ፣ ማለትም ፎቁ ላይ፣ የሚያድር ሰው ደረጃው ቀጥ ያለ መሆኑን ይወቅ፤ ለአዛውንት ታችኛውን ይያዙ። ጅብ ለማየት ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በፈላና በር ወይም በሰንጋ በር በኩል መውጣት ነው። በዚያው ሲያልፉ ግንቡ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች አስጎብኚው ያሳይዎ፤ ጅቡ ወደ ከተማ የሚገባው በእነሱ ነው።

10. ስፌቱን ቤት ማድረስ

ትንሹን ትልቁ ውስጥ ይክተቱ፣ ባዶውን ቦታ በልብስ ይሙሉ፣ በእጅ ሻንጣ ይያዙት። በላስቲክ ጠቅልለው ለቀናት አያቆዩ፤ ሣሩ ያልብና ይሻግታል። ቤት ሲደርሱ ቶሎ አውጥተው ጥላ ውስጥ አየር ያስነኩት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት መጀመሪያ የሚለቀው ቀዩ ነው። በውሃ አይታጠብም፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ከሥሩ ዱቄት መሰል ነገር ሲረግፍ ካዩ ነቀዝ ገብቶበታል፤ በላስቲክ አጥብቀው አስረው ለአንድ ሳምንት በረዶ ቤት ያስገቡት፣ ካወጡት በኋላ ላስቲኩን የሚፈቱት ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር ሲተካከል ነው፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።